ጨለማ ክፍል ማን ቤት ነበር?

ለሚሊኒየሙ በዓል፣ በ1999 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ፣ ታላቅ እህቴ ከጅዳ መጣች። ደሴ ያለው ቤታችን እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት በመጣ ጎረቤት ሞልቷል። ከሻንጣዋ ውስጥ፣ ለእማዬ ከመጣው ሻርፕ ሥር፣ መዳፍ የምታክል ብርማ ዲጂታል ካሜራ ወጣች። ከእጅ እጅ ዞረች። ጀርባዋ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት የእማዬን ፊት እዚያው በዚያው ስታሳይ ቤቱ በእልልታ ተሞላ። በሰፈሩ በነገር አዋቂነቱ የሚታወቅ አንድ ጎረቤታችን ግን ካሜራዋን አገላብጦ አየና፣ “ዕቃስ ግሩም ዕቃ ነው፤ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ምን ያደርጋል?” አለ።

እውነትም በሰፈራችን ኮምፒውተር ያለው ቤት አልነበረም። ካሜራዋ ወደ ካርቶኗ ተመልሳ ቁም ሳጥን ላይ ወጣች።

ይህን ያለው እሱ ብቻ አልነበረም። ዲጂታል ካሜራ ገበያ በወጣበት ዘመን፣ ኮምፒውተር በሞላባቸው አገሮች ሳይቀር፣ ይኸው ይባል ነበር፦ ዕቃው የኮምፒውተር ባለቤቶች ነው፤ የቀረው ሕዝብ በፊልሙ ይቀጥላል። ዛሬ ነገሩ ካለፈ በኋላ መለስ ብሎ ማየቱ ይጠቅማል። በዚያ እምነት ውስጥ የተሳሳተውም፣ ማንም ልብ ሳይለው እውነት የነበረውም፣ አሁን በኪሳችን ይዘነው የምንዞረውን ፎቶ ይነካል።

“ያለ ኮምፒውተር አይሠራም”

እምነቱ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 ለሽያጭ ያቀረበው ኩዊክቴክ 100 የተነሣውን ፎቶ የሚያሳይበት መስኮት አልነበረውም። በተሻለው ጥራቱ የሚይዘው 8 ፎቶ ብቻ ነው። ስምንቱ ከሞሉ በኋላ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ ባለቤቱ ምን እንዳነሣ እንኳ ማየት አይችልም። እንዲህ ያለውን ካሜራ ያየ ሰው “ያለ ኮምፒውተር ከንቱ ነው” ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን በዓመቱ፣ በ1995፣ የጃፓኑ ካሲዮ ኪውቪ-10 የተባለ ካሜራ ገበያ አወጣ። ጀርባው ላይ 1.8 ኢንች መስኮት ነበረው፤ 96 ፎቶ ይይዛል። የፎቶው ጥራት ከኩዊክቴክ የባሰ ነበር፤ ሰው ግን ወደደው። አንሥቶ ወዲያው ያያል፤ ያልወደደውን ያጠፋል፤ ሲፈልግ ደግሞ በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አያይዞ ለቤተሰቡ ያሳያል።

እንዲያውም ዲጂታል ካሜራ ሲወለድም ጓደኛው ቴሌቪዥን ነበር። የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ፎቶውን የሚጽፈው በተራ የድምፅ ካሴት ላይ ነው። አንዱን ፎቶ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ፎቶው በአንድ ጎን 100፣ በሌላውም 100 ነጥብ፣ በድምሩ 10,000 ነጥብ ነበር። ካሴቱ በማንበቢያ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ፎቶው የታየው በቴሌቪዥን ላይ ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ ኮምፒውተር በማይታወቅበት ብዙ ሰፈር ነበረ።

የእኛንም ካሜራ ከቁም ሳጥን ያወረዳት ቴሌቪዥን ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የአክስቴ ልጅ መጣ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ዴክ ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ልጅ ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ ከሥሩ ማንም ያልነካውን፣ ጫፉ ቢጫና ነጭ የሆነ ቀጭን ገመድ አወጣ። “ይሄ እኮ የዴክ ገመድ ነው!” አለ። ቢጫው ለምስል፣ ነጩ ለድምፅ። ሰካውና ቁልፉን ሲጫን እማዬ በቴሌቪዥናችን ሙሉ መስኮት ላይ ብቅ አለች። ያን ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አንድ ፎቶ አራትና አምስት ጊዜ እየተመለሰ ታየ። ኮምፒውተር ያስፈልጋል ያለው ጎረቤታችንም ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ የራሱ ፎቶ ሲመጣ “እስቲ መልሰው” የሚለው እሱ ነበር።

“ኮምፒውተር ያልገዛ ካሜራ አይገዛም”

ቴሌቪዥኑ የማየትን ጥያቄ ይመልሳል። ወረቀቱስ? አልበም ውስጥ የሚገባው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ገጠር ላለችው አያት የሚላከው? ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰዎች ዲጂታሉን ሲያዩ ፊልሙ እንዴት ይሠራ እንደነበር ረሱ።

አጎቴ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። ልጅ ሆኜ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ እንድቆም ይፈቅድልኝ ነበር። ቀይ አምፑል ይበራል፤ የጥቁርና ነጭ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማይነካው ነው። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ሲከተው መጀመሪያ ባዶ ነው፤ ከዚያ የሰው ዓይን፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ልብሱ ቀስ እያለ ከውኃው ሥር ይወጣል። ከዚያ ክፍል ውጪ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ካሜራ ይኖረው ይሆናል፤ ጨለማ ክፍል ግን የለውም። በከተማው ውስጥ ካሜራ ከነበራቸው ሰዎች ጨለማ ክፍል የነበረው ማን ነው? ከባለ ፎቶ ቤቶቹ በቀር አንድም አላስታውስም። የቀለም ፊልም ሲሆንማ አጎቴም መሣሪያው አልነበረውም፤ ፊልሙ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ በአውቶቡስ ይመለስ ነበር። “ጨለማ ክፍል ለሌለው ሰው ካሜራ ምን ያደርጋል?” ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

የፎቶ ታሪክ ራሱ በዚህ መንገድ ነው የሰፋው። ጆርጅ ኢስትማን እ.ኤ.አ. በ1888 የመጀመሪያውን ኮዳክ ካሜራ በ25 ዶላር ሲሸጥ 100 ፎቶ የሚያነሣ ፊልም ውስጡ ገብቶ ነበር። ባለቤቱ መቶውን አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ በፖስታ ሮቸስተር ወዳለው ፋብሪካ ይልከዋል፤ ፋብሪካው 10 ዶላር ተቀብሎ ፎቶዎቹን አጥቦ፣ አዲስ ፊልም ከትቶ ይመልስለታል። ከዚያ በፊት ፎቶ ማንሣት የመድኃኒትና የመስታወት ዕውቀት የሚጠይቅ የባለሙያ ሥራ ነበር። ኢስትማን ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ ማንሣቱ የሕዝቡ፣ የቀረው የፋብሪካው ሆነ።

ዲጂታል ካሜራም እንደዚሁ ተከፈለ። አጎቴ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ የካርድ ማንበቢያና ማተሚያ ገዝቶ ጨለማ ክፍሉ በነበረበት ቦታ አስቀመጠ። ሰው ፊልም ይዞ ይመጣ እንደነበረው አሁን ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ይመጣል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከኮምፒውተሩ መስኮት ይመርጣል፤ “ይሄን፣ ይሄን፣ ይሄንን ደግሞ ሁለት” ይላል። ለሙሽራ ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። በፊልም 36ቱንም አሳጥበው አሥሩ ዓይን የጨፈኑ ሆነው ሲወጡ ገንዘባቸው ያልቅ ነበር፤ አሁን የሚከፍሉት ለመረጡት ብቻ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ከዲጂታል የተጠቀመው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው እላለሁ። በጥምቀት ጃን ሜዳ፣ በምርቃት ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ደጅ የሚዞሩት ፎቶ አንሺዎችም በፍጥነት ዲጂታል የያዙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንሥቶ፣ አሳይቶ፣ ደንበኛው ሲወድ ብቻ ሮጦ ማሳተም።

ለዚህ የሚረዳ አንድ የተደበቀ ስምምነትም አለ። ስልክዎ ውስጥ “ዲሲአይኤም” የሚል ማኅደር አይተው ያውቃሉ? ካሜራ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በተስማሙበት ደንብ ማንኛውም ዲጂታል ካሜራ ፎቶውን በዚያ ስም ባለው ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል። ስለዚህ ካሜራው የማንም ሥራ ይሁን፣ ፎቶ ቤቱ ካርዱን ሲሰካ ፎቶው የት እንዳለ ያውቃል። ደሴ ውስጥ ከጅዳም ከቤይሩትም ከዋሽንግተንም የመጣ ካሜራ በአንድ ፎቶ ቤት የተስተናገደው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ፒክትብሪጅ የተባለው ደንብ ወጥቶ ካሜራን በቀጥታ ከማተሚያ ጋር ማገናኘት ተቻለ፤ እኛ ዘንድ ብዙም ሲሠራበት አላየሁም፤ ፎቶ ቤቱ ስለነበረ አላስፈለገንም።

“ዲጂታል ፎቶ አይታጠብም”

ይህን አሁንም እሰማለሁ፤ በከፊል ብቻ እውነት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ብቅ ያሉት እንደ ፉጂ ፍሮንቲየር ያሉ ትልልቅ ማሽኖች የዲጂታሉን ፎቶ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሌዘር ብርሃን የሚጽፉት ብርሃን በሚነካው በዚያው በድሮው ዓይነት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱም መድኃኒት ውስጥ አልፎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ይወጣል። በትናንሽ ፎቶ ቤቶች ያሉት ግን ወይ ቀለም የሚረጩ፣ ወይ ባለቀለም ጥብጣብን በሙቀት ወረቀት ላይ የሚያትሙ ናቸው። ቶሎ የሚደበዝዝና ውኃ ሲነካው የሚፈስ ፎቶ ያየ ሰው ጥፋቱን ለዲጂታል ይሰጣል፤ ጥፋቱ የርካሹ ቀለምና የወረቀቱ ነው። ለቤተሰብ የሚቀመጥ ፎቶ ሲያሳትሙ በምን እንደሚታተም መጠየቅ ተገቢ ነው።

“የስልክ ፎቶ ለወረቀት አይሆንም”

በአጭሩ ይሆናል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነው የተለመደ ፎቶ 1200 በ1800 ነጥብ ይበቃል፤ ይህም 2 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ዛሬ የሚሸጥ ርካሽ ስልክ ከዚህ በላይ አለው። ፎቶውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቶሎ እንዲደርስ ይቀነሳል፤ ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ነጥብ ይወርዳል። ለትንሹ ወረቀት ይሄም ያገለግላል፤ ለግድግዳ ሲያሳድጉት ግን ይደበዝዛል። “እንደ ፋይል” ተብሎ ቢላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ የሠርግ ፎቶ የምትጠብቁ ይህችን አንድ ቃል ንገሩት።

“ስልክስ ኮምፒውተር አይደለም ወይ?”

ጎረቤታችንን የሚደግፍ አንድ ጥሩ ክርክር አለ። ዲጂታል ፎቶ ሕዝብ ዘንድ የደረሰው በስልክ ነው፤ ስልክ ደግሞ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ሕዝቡ መጀመሪያ ኮምፒውተር ያዘ፣ ከዚያ ካሜራ አገኘ። እንዲህ የሚሉ አሉ።

ጊዜውን ስናይ ግን ነገሩ እንዲህ አልሄደም። ሻርፕ የተባለው ኩባንያ ጄ-ኤስኤች04 የተሰኘውን ካሜራ ያለውን ስልክ ጃፓን ውስጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 ነው፤ እኛ ዘንድም ሰው ካሜራ ያለው ስልክ መያዝ የጀመረው በቁልፍ በሚደወልበት ዘመን ነው። ፎቶው በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ያልፋል፤ ዘፈን የሚጭነው ሱቅ ፎቶውንም ይገለብጣል። ያን ስልክ ኮምፒውተር ያለው ሰው አልነበረም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በአፍሪካ ኮምፒውተር የነበረው ከ10 ቤት በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር፤ ፎቶው ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ገጠር ገብቶ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ማንኛውም ዲጂታል ካሜራ፣ የእህቴም ብርማ ካሜራ ጭምር፣ ሆዱ ውስጥ የማስሊያ ቺፕ አለው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚያየው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ይህን አደራደር የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 በስሙ አስመዘገበው። እያንዳንዱ ነጥብ ያላያቸውን ሁለቱን ቀለሞች ከጎረቤቶቹ አስልቶ የሚሞላው ያ ቺፕ ነው። የሒሳቡ ሥራ ካሜራው ውስጥ አልቆ ነበር፤ ሰው የኮምፒውተር ያለህ ሲል የነበረው ለሒሳቡ ሳይሆን ለማየት፣ ለማተምና ለማስቀመጥ ነው። ለማየት ቴሌቪዥን፣ ለማተም ፎቶ ቤት ተገኘ።

ካሜራ ብቻ የሆነው ካሜራ በመጨረሻ የደረሰበትም ይህንኑ ያሳያል። የጃፓን ካሜራ ሠሪዎች ማኅበር አባላት እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ ገበያ የላኩት ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ሆነ። ስልክ ማንሣቱንም ማሳየቱንም መላኩንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ያዘ።

ማስቀመጡ ቀረ።

“ዲጂታል ከሆነ አይጠፋም”

ከሁሉም እምነቶች ይህን እፈራለሁ፤ እኛንም ጎድቶናል። በጎረቤታችን እምነት ውስጥ ማንም ልብ ያላለው እውነት ነበረ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ሆነ እኔ የት ቦታ እንደሆነ አላወቅንም እንጂ።

አጎቴ በፊልሙ ዘመን ለደንበኛ ፎቶውን ሲሰጥ ፖስታው ውስጥ ኔጋቲቩን ይጨምርና ሁልጊዜ አንድ ቃል ይናገር ነበር፦ “ኔጋቲቩን እንዳትጥሉት።” ሰው ብዙም ልብ አይለውም፤ ግን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። በዚህ የተነሣ ፊልም፣ ባለቤቱ ሳያስበው፣ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት አድርጎ ይሰጠው ነበር፤ አንዱ አልበም ውስጥ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ። አልበሙ በዝናብ ቢበሰብስ፣ ፎቶው ለለቅሶ ተወስዶ ቢቀር፣ ኔጋቲቩ ሌላ ይወልዳል። አክስቴ ቤት በቆርቆሮ የብስኩት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ኔጋቲቮች አሉ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ ብርሃን ይዣቸው ሰዎቹን ለይቻለሁ። እነዚያን ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ የቤት መስኮት ብርሃን ይበቃል።

ካርዱ ግን እንደ ፊልም አይሰጥም፤ ባዶ ተደርጎ ይመለሳል። ኮምፒውተር ያለው ቤት ካርዱን ባዶ ከማድረጉ በፊት ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፤ ሳያውቀውም ኔጋቲቩን አስቀመጠ ማለት ነው። ኮምፒውተር የሌለው ቤት የመረጠውን ያሳትማል፤ ከዚያ ካርዱ ለሚቀጥለው በዓል እንዲሆን ይጠረጋል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ግን ከባድ ነው።

የእህቴ ካሜራ ካርድ በዓመት ተኩል ውስጥ ሞላ። ልደት፣ የክርስትና በዓል፣ የአያቴ የመጨረሻ ፋሲካ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አጎቴ ጋ ወሰድነው። 14 መርጠን አሳተምን፤ ለሁሉም ገንዘብ አልነበረንም። የቀሩትን አጎቴ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠና “እኔ ጋ ይቀመጥላችሁ፤ ስትፈልጉ ትመጣላችሁ” አለን። ካርዱን ጠረገው። ከሁለት ክረምት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ሐርድ ዲስኩ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ምንም አልወጣለትም። አጎቴ ያን ቀን ቤታችን መጥቶ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ኔጋቲቩን እንዳትጥሉት” ሲል የኖረ ሰው ነበር፤ የዲጂታሉን ኔጋቲቭ በእጃችን የሚያስይዘን ልማድ ግን ገና አልተወለደም ነበር።

ያኔ ብናውቅ ኖሮ ሲዲ ላይ አስገልብጠን ልንወስደው እንችል ነበር። ዛሬ ደግሞ የበለጠ ይቻላል፣ ያለ ኮምፒውተርም። ኦቲጂ በሚባለው ገመድ ፍላሽ ስልክ ላይ ሰክቶ ፎቶውን መገልበጥ ይቻላል። ለሌላ ዘመድ እንደ ፋይል መላክ ይቻላል፤ ስልካችሁ ቢሰረቅ እሱ ጋ አለ። ፍላሽም ሆነ ሚሞሪ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተረስቶ ሲቀመጥ የያዘው የኤሌክትሪክ ሙሊት ቀስ እያለ ስለሚደክም፣ አልፎ አልፎ ከፍቶ ማየትና ወደ አዲስ መገልበጥ ያሻል። በስሕተት የተጠረገ ካርድ ደግሞ ወዲያው ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ሲጠረግ የሚጠፋው ማውጫው ነው፣ ፎቶው ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። በካርዱ ምንም ሳያነሡ፣ ምንም ሳይጭኑ፣ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ መስጠት ነው።

ወረቀቱም አይናቅ። እኔ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የእማዬን ስልክ ይዤ ፎቶ ቤት እሄዳለሁ፤ አብረን መርጠን 20 ያህል እናሳትማለን። እሷ በስልኩ ላይ ስታይ ቶሎ ቶሎ ነው የምታሳልፈው፤ ወረቀቱን ስትይዝ ግን ሰዎቹን በስም እየጠራች፣ የሞተውን ነፍስ ይማር እያለች፣ ያልደወለውን እየወቀሰች ትቆያለች።

ከዚያች ካርድ የተረፉት 14 ፎቶዎች አልበሟ መጀመሪያ ላይ ናቸው። አንደኛው በአዲሱ ዓመት ማለዳ የተነሣ ነው። ጎረቤታችን አደይ አበባ ይዞ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ቴሌቪዥኑ አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማታ ሲሠራ አምሽቶ ማንም ያልነቀለው ገመድ ቢጫ ጫፉ እንደተሰካ ተንጠልጥሎ ይታያል።